የዜግነት ማመልከቻና የግብር ወረቀት

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በነጋዴ አባላት ስም የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች «ከነጋዴዎቹ ወገን ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር ተናገሩ» ባሉን ጊዜ ስለ ሰሊጥ ገበያና ስለ ምንዛሪ እንናገራለን ብሎ ያልጠበቀ ያለ አይመስለንም። እሱን በየቀኑ በሱቅ በረንዳ ላይ የምናወራው ስለሆነ ለዛሬ ይቆየን። የመረጥነው ርእስ ደረቅ ነው፤ ስለ ገቢ ግብር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ደረቅ ወረቀት ምክንያት የስንት ቤት ጉዳይ ቆሞ እንደሚገኝ ስለምናውቅ ትንሽ እንድትታገሡን እንለምናለን። የምንጠራቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ገዳሪፍ የመሸጋገሪያ ከተማ ናት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በመተማም በሁመራም በኩል የተሻገረው ሕዝብ እዚህ አርፏል፣ በተዋዋ ኖሯል፣ በኡም ራኩባ ክረምት አሳልፏል። ከ1991 በፊት ለወጡት ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው የስደተኝነት ከለላ ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ እንዲያበቃ ሲደረግ ከፊሉ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፣ ከፊሉ ኢቃማ አውጥቶ እንደ እኛ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለሠፈራ ተመዝግቦ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ የሄደው ብዙ ነው። በኖቬምበር 2020 በሐምዳየት በኩል የገቡት ወገኖቻችን መጡ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ነፍሱን ይዞ የወጣው ሁሉ ወደ ከተማችን ጎረፈ። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤት ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለንም።

እነዚህ ዘመዶቻችን ወረቀት ይልካሉ። ወረቀቱ በስልክ ይመጣል፤ ከስልኩ ደግሞ ወደ ሱቃችን ይመጣል። ስኳር ልትገዛ የገባች እህት ከቶቧ ሥር ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ እስቲ ይችን እዩልኝ፤ ባለቤቴ ነው የላካት፤ የጋብቻችንን ቀን ቶሎ ላኪልኝ ይላል» ትለናለች። ለምን እንደፈለገው ስንጠይቃት አታውቅም። አንዳንዴ እሱም አያውቅም፤ ታክስ የሚሠራለት ሰው ጠይቆት ነው።

ግብር ምን እንደሆነ ለገዳሪፍ ነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ሩኽሳ ይታደሳል፤ የዳራይብ ሰዎች መጥተው መደርደሪያውን አይተው ይገምታሉ፤ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ይሰጣል። የዱሮውን ኦርኒክ 15 ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2015 በኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እስኪተካ ድረስ ስንት ዓመት ሙሉ ሀብታችን እሱ ነበር። ኦርኒክ 15 ያልያዘ ሰው «ከፍያለሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? በየሱቁ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። መንግሥት ቤት ለጉዳይ ሲኬድ «ኹሉ ጠረፍ አምጣ» ከተባለ፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነጻ ነህ የሚል ማስረጃ ከተጠየቀ፣ ያን ጊዜ የቆርቆሮው ክዳን ይከፈታል።

የባሕር ማዶው አሠራር ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። እዚህ ገማቹ ወደ ሱቁ ይመጣል። እዚያ ግን ሰውየው ራሱ በየዓመቱ «ያገኘሁት ይህን ያህል ነው፣ ቤተሰቤም ይህ ነው» ብሎ ያሳውቃል። ዝም ካለ ለጊዜው ማንም በሩን ላያንኳኳ ይችላል። ዝምታው የሚወጣው ዜግነት ያመለከተ ዕለት ነው።

በካናዳ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ዋናው የሚቆጠርለት የኖረበት ቀን ነበር፤ ግብር ማሳወቅ በዜግነት ሕጉ ውስጥ እንደ መመዘኛ አልተጻፈም ነበር። በ2014 የወጣው ማሻሻያ ከጁን 11 ቀን 2015 ጀምሮ አመልካቹ ከስድስት ዓመት ውስጥ የአራቱን የገቢ ግብር አሳውቆ መገኘት አለበት አለ። ከኦክቶበር 11 ቀን 2017 ጀምሮ ይኸው ቀለል ተደርጎ ከአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሆነ። የመኖሪያው ጊዜም እንደዚሁ ከአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል በ2025 ያመለከተ ሰው ከ2020 እስከ 2024 ያሉት ዓመታት አንድ በአንድ ይጠየቁታል። በዚያ ዓመት ማሳወቅ ይጠበቅብህ ነበር ወይ? አሳውቀሃል ወይ? ይላል ቅጹ። መልሱን ከግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር እንዲያመሳክሩም ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ያላሳወቀ ሰው «አዎ» ብሎ ጽፎ ማለፍ አይችልም፤ ሁለቱም መዝገቦች የአንድ መንግሥት ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ማሳወቅንና መክፈልን ነው። የካናዳው የዜግነት ሕግ በዚህ አንቀጽ የሚጠይቀው ማሳወቁን ነው። «ዕዳ ስላለብኝ እስክከፍል ድረስ አላሳውቅም» የሚል ዘመድ ካላችሁ በሁለት በኩል እየተጎዳ መሆኑን ንገሩት። አንደኛ የዜግነቱ ዓመት ይጎድልበታል። ሁለተኛ ዕዳው ያድጋል፤ የሚከፈል ቀሪ እያለበት ቀኑን ያሳለፈ ሰው በቀሪው ላይ አምስት በመቶ፣ ከዚያም በየሙሉ ወሩ አንድ በመቶ እስከ አሥራ ሁለት ወር ድረስ ይጨመርበታል። ወለዱ ደግሞ ለብቻው ነው። ማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 30 ነው። በራሱ ሥራ የሚተዳደር፣ እንደ ታክሲና እንደ ባለ ከባድ መኪና ያለው፣ እስከ ጁን 15 ይታገሡታል፤ ገንዘቡን ግን በኤፕሪል 30 ይፈልጉታል። ይችን ልዩነት ከሹፌሮቻችን ብዙዎቹ የሚያውቋት ቅጣት ከደረሳቸው በኋላ ነው።

«ገቢ ስላልነበረኝ አይመለከተኝም» የሚልም አለ። ሕጉ የሚያስገድደው ማሳወቅ የሚጠበቅበትን ሰው ስለሆነ ገቢ ያልነበረው ሰው ላይገደድ ይችላል። ሆኖም ማሳወቁ የሚጠቅመው ለራሱ ነው። የልጆች ድጎማ የሚታሰበው በዚያ ወረቀት ነው፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በየዓመቱ ካላሳወቁ የልጆቹ ገንዘብ ይቆማል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው በበጎ ፈቃደኞች በነጻ የሚሠራበት ቦታ በየከተማው ስላለ የሚከፍለው የለኝም ማለት አያስኬድም። ሲያሳውቅ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የሚመለስለት የውሳኔ ደብዳቤ አለ፤ «ኖቲስ ኦፍ አሰስመንት» ይሉታል። የእነሱ ኦርኒክ 15 እሱ ነው። ደረሰኞቹንም ስድስት ዓመት ማቆየት ግዴታው ነው።

አሁን «ይህ ሁሉ ገዳሪፍ ለተቀመጥነው ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። እንንገራችሁ። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ከአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መገኘት አለበት፤ ካናዳ ካልኖረ በቀር ሚስቱን ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። ዜጋ ከሆነ ግን ሚስቱ ስትገባ አብሮ ተመልሶ የሚኖር መሆኑን አስረድቶ ከውጭ ሆኖም ማመልከት ይችላል። ከዚህ የሚከብድም አለ። በስደተኝነት የገባ ሰው የሸሸበትን ሀገር ፓስፖርት አውጥቶ ወደዚያው ቢመላለስ ከዲሴምበር 2012 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ከለላውም ቋሚ ነዋሪነቱም ሊነሳበት ይችላል። ዜግነት ያገኘ ሰው ይህ ስጋት የለበትም።

በሰፈራችን የምናውቀው አንድ ቤተሰብ አለ፤ ስማቸውን አናነሳም። ልጃቸው ከዚህ ከገዳሪፍ በሠፈራ ሄዶ ካናዳ ከባድ መኪና ይነዳል። እናቱ ጎንደር ናቸው፤ ካዩት ብዙ ዘመናቸው ነው። ልጁ የኢትዮጵያን ፓስፖርት አውጥቶ ለመሄድ ፈራ፤ መፍራቱም ልክ ነበር። «ዜግነቴን ላግኝና እመጣለሁ» አላቸው። ቀኑ ሞልቶለት ለማመልከት ሲነሳ የሦስት ዓመት ታክሱ እንዳልተሠራ ታወቀ። የሠራባቸው ኩባንያዎች አንዱ ተዘግቷል፣ ሌላው አድራሻ ቀይሯል፤ የገቢውን ወረቀት ለቅሞ ያለፉትን ዓመታት እስኪያሠራ ወራት አለፉ። በዚህ መካከል እናቱ አረፉ። ልቅሶውን እኛ እዚህ ተቀመጥን፤ እሱ በስልክ ተቀመጠ። ያንን ዕለት ያየ ሰው ስለ ግብር ወረቀት ሲወራ ደረቅ ነው ብሎ አይነሳም።

ወደ ጋብቻው ጉዳይ እንመለስ፤ እኛ እዚህ ያለነው እጃችን ያለበት እዚህ ላይ ነውና። የካናዳ የግብር ቅጽ የጋብቻን ሁኔታ ይጠይቃል፤ ያገባ፣ ያላገባ፣ የተለያየ እያለ። ባል ካልጋሪ፣ ሚስት ገዳሪፍ ሲሆኑ ታክስ የሚሠራው ሰው «ከባለቤትህ ጋር ነው የምትኖረው?» ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሰው በየዋህነት «አይ፣ ተለያይተን ነው የምንኖረው» ይላል። ወዲያው «ሴፓሬትድ» የሚለው ላይ ምልክት ይደረግበታል። በግብር መሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ግን የተለያየ ማለት ትዳሩ ፈርሶ ቢያንስ ለ90 ቀን ተለይቶ የኖረ ማለት ነው እንጂ ቪዛ የለያየው አይደለም። ያገባ ሰው ሚስቱ ገዳሪፍም ብትሆን ያገባ ነው። በግብር ወረቀቱ ላይ የፈረሰ ትዳር በስፖንሰር ማመልከቻው ላይ ደኅና ትዳር ሆኖ ሲቀርብ መርማሪው የቱን ይመን?

ቀኑም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የጋብቻ ወረቀታችሁ በቤተ ክርስቲያን ተጽፎ የካቲት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የሚል ከሆነ በእነሱ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2016 ነው። እህታችን ቸኩላ «2008» ብላ ከላከችለት፣ እሱም ሳያገላብጥ ካስሞላው፣ በ2011 «ያላገባሁ ነኝ» ብሎ ካናዳ የገባ ሰው ከመግባቱ ሦስት ዓመት በፊት ሚስት ነበረችው ማለት ይሆናል። ሚስቱን የደበቀ ሰው መሰለ። ስለዚህ ቀን ስትልኩ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። በስምም በኩል እንዲሁ ነው። በሱዳን ወረቀት እስከ ቅድመ አያት አራት ስም ይጻፋል፤ እዚያ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ደግሞ ተስፋዬ በሦስት ዓይነት ፊደል ይወጣል። ብዙዎቻችን በመመዝገቢያው ላይ የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ነው፤ በዚህስ እንስቃለን። ሆኖም አንዴ በመዝገብ የገባው ስምና ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መቀጠል አለበት።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር እንበል። ሚስቱን ከካናዳ የሚረዳ ባል ለትዳር ጓደኛ የሚታሰበውን የግብር ቅናሽ ሊጠይቅ ይችላል። ቢመረመር ግን ማን ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደላከ ማስረጃ ይጠየቃል። በሀዋላ በድምፅ መልእክት «ደርሷል» ተባብለን የምንጨርሰው ገንዘብ ምስክር የለውም። በባንካክ የገባላችሁ ከሆነ የመጣውን ማስታወቂያ አታጥፉት፤ ቀንና መጠን ይዟልና ለእሱም ላኩለት።

አሜሪካ ያሉት ቤተሰቦቻችን ደግሞ የሚገጥማቸው በሌላ መልክ ነው። ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት፣ ከዜጋ ጋር በትዳር የኖሩ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የሚሞሉት ኤን 400 የሚባል ቅጽ አለ። ግሪን ካርድ ከያዝክ ወዲህ ነዋሪ አይደለሁም ብለህ ያላሳወቅከው ግብር አለ ወይ? ጊዜው ያለፈበት የግብር ዕዳ አለብህ ወይ? ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም በመሐላ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከአይ.አር.ኤስ. ጋር በየጊዜው ሊከፍል ተስማምቶ ስምምነቱንና የከፈለበትን ማስረጃ ቢያቀርብ ይረዳዋል። ዕዳ ኖሮበት የለብኝም ያለ ሰው ግን የግብሩን ነገር የውሸት ነገር አደረገው፤ እነሱ በመልካም ጠባይ ላይ የሚቆጥሩበትም ይህን ነው።

እዚያም ያገባ ሰው «ሲንግል» ብሎ ማሳወቅ የተለመደ በሽታ ሆኗል። በዲሴምበር 31 ባለ ትዳር የሆነ ሰው ለዚያ ዓመት ባለ ትዳር ነው። ሚስቱን ሲያስመጣ በሚሞላው የድጋፍ ቅጽ፣ በአይ 864፣ የግብር ወረቀቱ አብሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሲንግል የሚለው ቃል ይነበባል። ሌላው የልጆች ስም ነው። «የልጆችሽን ስም ላኪልኝ፣ ታክሴ ላይ ላስገባቸውና ሪፈንዱን እንካፈላለን» የሚል ስልክ እዚህ ከተማ ስንት ቤት ደውሏል! ገዳሪፍ የሚኖር ልጅ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆነ በአሜሪካ ግብር ላይ ጥገኛ ሆኖ አይገባም፤ የሰው ልጅማ ጨርሶ አይገባም። አጎትም ቢሆን፣ ውለታ ያለበትም ቢሆን ስሙን አትስጡ። ልጁ ነገ በራሱ መንገድ ቪዛ ሲጠይቅ ስሙ ቀድሞት ይጠብቀዋል።

በስህተት የተሞላ ቅጽ ካለ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በካናዳ እስከ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል፤ በአሜሪካም የማረሚያ ቅጽ አለ። ጠያቂ ሳይመጣ ራስ ቀድሞ ማረምና ሲጠየቁ ማረም ግን አንድ አይደሉም።

ገቢን መጠየቅ የፈረንጅ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሀገራችን የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ልሁን ሲል ቢያንስ አራት ዓመት በሀገሪቱ መኖሩን፣ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው መሆኑን ይጠይቃል። በዚሁ አዋጅ መሠረት በራሱ ፈቃድ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህ ካናዳ ላሉት ብቻ ሳይሆን እዚህ የሱዳን ጂንሲያ ለማውጣት ለሚያስቡ ልጆቻችንም ይሠራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1994 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ሲገባ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለበትም። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል፤ እኛንም ቅር ይለናል። ልጆቹ ግን እያወቁ ይወስኑ።

የመጨረሻው ነገራችን ስለ ማስቀመጫው ነው። ከካርቱም የመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የጋብቻቸውንም የልጆቻቸውንም ወረቀት ቤታቸው ትተው ነው የወጡት። የብስኩት ቆርቆሮ ከጥይትና ከእሳት አያድንም። የጋብቻውን፣ የልደቱን፣ የኢቃማውን፣ የተላከላችሁን ገንዘብ ማስረጃ በስልክ ፎቶ አንሱና ባሕር ማዶ ላለው ሰው ላኩት፤ እሱም የግብር ውሳኔ ደብዳቤውን ለእናንተ ይላክ። አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል።

ዛሬ ከቡናው በኋላ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሁለት ወጣቶቻችን በአዳራሹ በስተግራ በኩል ከኛ ጋር ይቀመጣሉ። ከዘመድ የመጣ ያልተመለሰ ወረቀት በስልኩ ላይ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ ቀን የሚገለበጥለትም ይምጣ። ዛሬ ያልደረሰው በማንኛውም ቀን ከዐሥር ሶላት በኋላ ሱቅ ያገኘናል።